ቢላዋውን ማን አየው?

ብቻውን አደን የሚወጣ ሰው በእኛ አገር ሞኝ ነው። አንዱ ይተኩሳል፣ አንዱ ይሮጣል። የወደቀው አውሬ ነፍሱ ሳትወጣ ተደርሶበት፣ ፊቱ ወደ ምሥራቅ ዞሮ፣ በስመ አብ ተብሎ ካልታረደ በክት ነው፤ የውሻ ሲሳይ ነው። ሁለተኛው ሰው ለሩጫ ብቻም አይደለም፤ ምስክር ነው። ይህን እያወቅሁ ብቻዬን የወጣሁት ወድጄ አልነበረም። የአደን ጓደኛዬ የሚስቴ ወንድም ነበር፤ በዚያ ጥር ደግሞ ከነሱ ቤት ጋር ከተጣላሁ ወራት አልፈው ነበር።

ጠቡ የመጣው ከወጥ ነው። አማቴ ዳባት አጠገብ ጎተራቸው ጎድሎ የማያውቅ ገበሬ ነበሩ። (በአፌ አንቱ ስላቸው ኖሬያለሁ፤ እዚህም አንቱ ማለቴ ከፍቅር አይደለም፣ ከልማድ ነው።) ለእናታቸው ተዝካር አወጡ። ዳሱ ሙሉ ሰው ተቀምጧል፣ ካህናቱ ላይኛው ቦታ ላይ ናቸው። ወጡ መጣ። እንጀራዬን ባመላልሰው፣ ባመላልሰው ሥጋ የሚባል የለም። አማቴ እየዞሩ «ብሉ እንጂ፣ ብሉ እንጂ!» ይላሉ። እኔ ጋ ሲደርሱ አፌ አልቻለም።

«አባባ፣ በጉ ወጡ ውስጥ ገብቷል ወይስ በደጅ አልፎ ነው የሄደ?»

ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። አንድ ዲያቆን ጠላው ትን አለው። አማቴ አልሳቁም። በሳምንቱ ልጃቸውን አስጠሯትና እዚያው ቀረች። እንግዲህ እንደተሳሳትኩ የነገሩኝ ብዙ ናቸው። የተናገርኩት እውነት ነበር፤ ዛሬም እውነት ነው።

ወራት ካለፉ በኋላ ሽማግሌ ላክሁ። እሺ አሉ፤ እሑድ እኔ ቤት መጥተው፣ በልተው፣ ጠጥተው፣ ሚስቴን ትተውልኝ ሊሄዱ። አማቴም ሊመጡ። ነገሩ እዚህ ላይ ጠበበኝ። ለሌላ ሰው ሽሮ ማቅረብ ይቻላል። ወጥዎ ሥጋ የለውም ብዬ በካህናት ፊት ላሳቅሁባቸው ሰውዬ ግን ሽሮ ባቀርብ፣ ሚስቴ እንደ ወጣች ትቀራለች። በዚያ ዓመት ገብሴን በረዶ መትቶታል፣ በጎቼን ሳል ፈጅቷቸዋል። የቀሩኝ የምጠምዳቸው በሬዎችና አንድ አህያ ናቸው። ጎረቤቴ አሮጊት ሰምተው መጡ።

«ልጄ፣ ጠቦት አለችኝ። ውሰዳት፤ ሲሞላልህ ትመልሳለህ።»

«በሰው በግ ሚስት አላስመልስም» አልኳቸው።

«ታዲያ በምን ልታስመልስ ነው? በአፍህ?» ብለውኝ ሄዱ።

የሚስቴን ወንድም ደባርቅ ገበያ ላይ አገኘሁትና አብረን እንውጣ አልኩት። «አባቴን አዋርደህ ከኔ ጋር አደን?» አለና ፊቱን አዞረ። እኔም ቅዳሜ ሲነጋ አደኑ ቦታ እንድገኝ ዓርብ በጠዋት የአባቴን ምንሽር አንግቼ፣ አህያዬን ነድቼ ወጣሁ።

ደባርቅ መንገዱ ዳር ፈረንጅ የጫኑ መኪኖች ተደርድረዋል። እነሱ ዋሊያ አይተው ሊመለሱ ነው። የማውቀው የፓርኩ ጠባቂ አየኝ።

«አንተ ሰው፣ ምንሽር ይዘህ ወዴት ነው?»

«ወደ ሽምግልና።»

«እናንተ ጋ ሽምግልና በጥይት ነው እንዴ?»

«አማቴን ብታውቃቸው አትጠይቀኝም ነበር።»

ሳቀና ጣቱን ቀሰረብኝ። «ክልሉን እንዳታልፍ። ዋሊያ ከነካህ አላውቅህም፤ እኔው ነኝ የማስርህ።»

አላለፍኩም። ከፓርኩ ውጭ፣ በሊማሊሞ በኩል ቁልቁል የሚወርድ፣ ወይራና ቀጋ የሞላው ገደላገደል አለ። አህያዬን ከላይ አስሬ፣ በድንጋይ ጥግ ኩርምት ብዬ አደርኩ። ብርዱን አልተርክም፤ የስሜንን ብርድ የማያውቅ አያምነኝም፣ የሚያውቅ ደግሞ መስማት አይፈልግም።

ጎህ ሲቀድ ድኩላ ጮኸ። ድምፁ የውሻ ነው፤ ለማያውቅ ሰው መንደር የደረሰ ይመስለዋል። ቀንዱ ገና ያልጠነከረ ወንድ ከጫካው ጫፍ ወጥቶ ቆመ። ተኮስኩ። ትከሻውን አገኘሁት፤ ተንገዳግዶ ወደቀና ቁልቁል ተንከባለለ። ያን ጊዜ ነው የሁለተኛ ሰው እግር ያማረኝ። ምንሽሩን ጥዬ ወረድኩ። ወረድኩ ማለት ይበዛበታል፤ ተንሸራተትኩ። ቀጋው እጄን ተለተለው። «ቆየኝ፣ ቆየኝ» እያልኩ ነበር፤ ለድኩላው ነው የምለው፣ እንደ ሰው።

ቆየኝ። አንዲት ጠባብ እርከን ላይ ተጋድሞ ሆዱ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ዓይኑ ያየኛል። ጭንቅላቱን ይዤ ወደ ምሥራቅ አዞርኩት፣ አማተብኩ፣ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ ብዬ አረድኩት። ደሙ እስከ ክርኔ ረጨኝ፤ ሱሪዬ ራሰ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ ደም አላየሁም። ሆድ ዕቃውን አውጥቼ፣ የቀረውን ተሸክሜ እየዳህኩ አህያዬ ጋ ወጣሁ። ከሰዓት በኋላ ወንዝ ስደርስ ልብሴን አውልቄ አጠብኩ። ሽማግሌ የሚቀበል ሰው በደም ተለውሶ አይቆምም አልኩ። ብልህ መሆኔ ነበር።

እሑድ መጡ። አማቴ፣ ሁለት ሽማግሎች፣ የሚስቴ የነፍስ አባት የሆኑት ቄስ፣ ወንድሟ፣ እሷም። ጎረቤቴ አሮጊት ተቆጥተውኝም ቢሆን ወጡን ሠርተውልኛል። ሽማግሎቹ ተናገሩ፣ እኔም ተነሥቼ የአማቴን ጉልበት ሳምኩ። እግዚአብሔር ይፍታ ተባለ። ሚስቴ ማንም ሳያዝዛት ተነሣች፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ታጥቃ ገበታውን አቀረበችና ወጡን ማውጣት ጀመረች። የገዛ ቤቷ ውስጥ ናት። እኔ እሷን አያለሁ እንጂ ሌላ ነገር አላይም።

አማቴ ወጡን አዩና «በግ ነው?» አሉ።

ዝም ብል፣ አዎ ብል ያልፍ ነበር። ኩራቴ አልፈቀደም። «ድኩላ ነው፣ አባባ። ራሴ ያደንኩት።»

«ከማን ጋር?»

«ብቻዬን።»

እጃቸውን ከገበታው መለሱ። «ብቻህን። ቢላዋውን ማን አየው?»

«እግዚአብሔር አይቷል።»

«ስሙን ለመሐላ አትጥራ» አሉ ቄሱ።

«በሕይወቱ ነው ያረድኩት፤ ደሙ እዚህ ድረስ ረጭቶኛል» ብዬ ክርኔን አሳየሁ። አማቴ ንጹሑን እጅጌዬን አዩ፣ ሱሪዬን አዩ።

«የታለ ደሙ?»

«አጠብኩት።»

አንዱ ሽማግሌ በአፍንጫው ሳቀ። አማቴ ግን ይህን ቀን ሲጠብቁ የኖሩ ይመስላሉ። «የኔ በግ በደጅ አልፎ ሄደ አልክ። እሺ። እሱስ ቢሆን በእግሩ ነው የሄደ፤ ይኼ ግን ሞቶ ነው የመጣ።»

ሽማግሎቹ ከንፈራቸውን ነክሰው ሳቁን ዋጡት። ተራዬ ነበርና ቻልኩት። ከዚያ አማቴ ወደ ወንድ ልጃቸው ዞሩ። «አንተ አዳኝ ነህ። ቀሪው ሥጋ ጓሮ ይኖራል፤ ግባና እይ።»

ደስ አለኝ። በክትን ከእርድ መለየት ለአዳኝ ከባድ አይደለም። ደሙ ያልፈሰሰ ሥጋ ይጠቁራል፣ አጥንቱ ሥር ደም ይቋጥራል። ተከትዬው ገባሁ። አንገቱን በአውራ ጣቱ ተጫነ፣ ጭኑን ገልጦ አየ፣ ቆዳውን አገላበጠ። ሥጋው የጠራ ነበር። ቀና ብሎ አየኝ። እሱ እንዳወቀ አወቅሁ፤ እኔ እንዳወቅሁም አወቀ። ወደ ገበታው ተመለሰ።

«እህስ?» አሉ አማቴ።

«እኔ እዚያ አልነበርኩም» አለ።

 ይህንን አልዋሸም፤ ና ብዬው አልመጣምና አልነበረም።

ሚስቴ ጭልፋውን እንደያዘች ነበር። «አይተኸው የለ እንዴ? ምን ይመስላል?» አለችው።

«አልነበርኩም አልኩሽ እኮ።»

ቄሱ ሲያቅማሙ ቆዩና «ጥርጥር ከገባ ቢቀር ይሻላል» አሉ። ሁሉም እጁን መለሰ። የታረቀ ሰው አብሮ ይበላል፤ ካልተበላ እርቅ የለም፤ ይህንን ማንም ማስረዳት አላስፈለገውም። አማቴ ጋቢያቸውን አጣፍተው ተነሡ። ሚስቴ ጭልፋውን አስቀመጠች። ነጠላዋን ከወገቧ ፈታችና ትከሻዋ ላይ አደረገችው። በሩ ላይ ስትደርስ ወደኔ ዞረች።

«ዋሽተህ እንደማታውቅ አውቃለሁ» አለችኝ። «አፍህ ነው እንጂ።»

ሄደች።

ሥጋውን ጎረቤቶቼም አልቀመሱም። የሠሩት አሮጊት እንኳ «እኔስ አምንሃለሁ፣ ግን ቄሱ ካሉ…» አሉ። ቋንጣ አድርጌ ሰቀልኩትና ረቡዕና ዓርብ እየዘለልኩ እስከ ቅበላ ብቻዬን በላሁት። ጥሩ ሥጋ ነበር። ሥጋው ጥሩ መሆኑ ነው ይበልጥ ያናደደኝ።

እሷን አምባ ጊዮርጊስ ለሚኖር እህል ነጋዴ ዳሯት፤ ወልዳለች አሉ። እኔ ሌላ አላገባሁም። ሽበት ጀምሮኝ ሳለ ቀበሌው የጎልማሶች ትምህርት ሲከፍት የልጅ ልጅ ካላቸው ሰዎች ጋር ተቀምጬ ፊደል ቆጠርኩ። አስተማሪው ለምን መማር እንደፈለግሁ ሲጠይቀኝ ማዳበሪያ ሲሰጡን ለመፈረም ነው አልኩት። ለሱ አልነበረም። ማንበብ እንደቻልኩ ስለ እርድና ስለ በክት የተጻፈውን ሁሉ በጣቴ እየተከተልኩ ፈለግሁ። ደም አትብሉ ይላል፣ የሞተ አትብሉ ይላል። ምስክር አምጣ የሚል አላገኘሁም። ለማን ልንገረው? አማቴ ሞተው ነበር።

አምና ይሁን ካቻምና፣ ደባርቅ ላይ ወንድሟ ጠራኝ። አርጅቷል። ክንዴን ይዞ ሥጋ ቤት አስገባኝ፣ የበግ ጥብስ አዘዘ። ብዙ ሳል ሳለና ተናገረ።

«ያ ድኩላ ንጹሕ ነበር።»

«አውቃለሁ። እኔ እዚያ ነበርኩ።»

«አባቴን በሰው ፊት ሁለተኛ ላዋርደው? አንተ ብትሆን…»

«እኔ ብሆን እናገር ነበር። የምታውቀኝ በምን ሆነና?»

ፈገግ አለ፤ የታረቅን መስሎት። ጥብሱ እየጮኸ መጣ። ርቦኝ ነበር፤ ከጠዋት ጀምሮ አልቀመስኩም። የቀረበውን አየሁና አስተናጋጇን ጠራኋት።

«እኅቴ፣ ይህ በግ ሲታረድ ነበርሽ?»

«ኧረ አባባ፣ እኔ አሁን ነው የገባሁት! ሥጋው ዛሬ ነው የታረደ፣ አይጠራጠሩ።»

«አየሽው?»

«አላየሁም፣ ግን…»

«እንግዲያው ለሱ ተይለት» አልኩና ዱላዬን አነሣሁ። «ያላየውን መብላት እሱ ይችል እንደሆን እንጃ።»

ቤቴ እስክደርስ ድረስ ራበኝ።