ክለቡ ፈርሷል ያልኩት

ይህን ለእናቴም ለፓስተራችንም ተናግሬው አላውቅም። ባሌን ዋሽቼዋለሁ። በሌላ ወንድ እንዳይመስላችሁ፤ በእግር ኳስ ነው። ሳቃችሁ? እኔም ያኔ ስቄ ነበር።

ባሌ ማቴዎስ ኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ ያለማል። አንድ ጊዜ ከልባሽ ጨርቅ ገበያ የአንድ እንግሊዝ ክለብ ማሊያ ገዝቶ መጣና ታሪኩን ካላነበብሽልኝ አለኝ። የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ፤ ከስልኬ እያነበብኩ ተረጎምኩለት። በአያቶቻችን ዘመን ዋንጫ ያነሳ፣ ኋላ ግን ሲወድቅ ሲነሳ የኖረ ክለብ ነው። "ይሄስ የኛ ቢጤ ነው፣ ቲቸር!" አለና ወደደው። ያስወደድኩት እኔው ነኝ።

ከዚያማ ቅዳሜና እሁድ ዲኤስቲቪ ቤት ሆነ ውሎው። ከቸርች እንኳ መዝሙሩ ሳያልቅ ሹልክ ይላል። ክለቡ ወደ ታች ሊግ ወርዶ ከቴሌቪዥን ሲጠፋ ደግሞ እኔን ያዘኝ፤ ከማሳ በተመለሰ ቁጥር "ቲቸር፣ ልጆቼ እንዴት ዋሉ?" ነው። የወለዳቸውን እንኳ እንዲያ አይጠይቅም! አንድ ቀን በገንኩና ስልኬን አየት አድርጌ "ፈርሷል" አልኩት።

"ሜዳውስ?" አለኝ ቀስ ብሎ።

"ቤት ተሠርቶበታል" አልኩት። ምነው ያኔ እንኳ ምላሴን በነከስኩ? ማሊያውን በእጁ አጥቦ፣ አጣጥፎ ሣጥን ውስጥ ከተተው።

የፈለግኩትን አገኘሁ። እሁድ ከጎኔ ቆሞ ይዘምራል፣ ቤቱ ይውላል። ግን ከደጅ ጀምሮ "ቲቸር! ቲቸር! አገባን!" እያለ የሚመጣው ሰውዬ የለም። አሁን በስሜ ነው የሚጠራኝ። አብሮኝ የሚኖረው ባሌ ናፈቀኝ፤ ይህን ለማን ይነግሩታል?

ክለቡ እንዳለ ነው። በድብቅ እከታተለዋለሁ፤ ሲያሸንፍ ጓዳ ገብቼ ብቻዬን እስቃለሁ። በኛ በጋሞ የበደለ ሰው ይቅርታ ሲለምን እርጥብ ሣር ይዞ ይንበረከካል። እኔ ብንበረከክ ግን "ምን ሆነሻል?" ነው የሚለኝ፤ መበደሉን መች አወቀና!

ትናንት ማሊያውን አውጥቼ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ከማሳ ሲመለስ አየውና ቆመ።

"የሙት ልብስ ለምን አወጣሽ?"

"እንዲናፈስ ብዬ" አልኩት። አልፈረሰም የምትለዋ ቃል አፌ ላይ ነበረች፤ ዋጥኳት። እናንተን ይቅር በሉኝ አልልም። ይቅርታው የማቴዎስ ነው፤ እኔ ደግሞ ይኸው፣ ለእናንተ ነግሬ ለእሱ አልነገርኩም።