መውጫ የሌለው ጓዳ

ነጋዴ ሲከስር ከሰርኩ አይልም፤ ገበያው ቀዘቀዘ ነው የሚለው። ይህኛውን ግን በገበያው ላላሳብብ ነው።

ከሚሴ፣ መኪና መንገዱ ዳር የነበረን ቤት ሁለት ክፍል ነበር፤ ከፊት ሱቅ፣ ከኋላ ጓዳ። ግራና ቀኙ የጎረቤት ግድግዳ፣ ጀርባው ወንዙ በየክረምቱ የሚገምጠው ገደል። ስለዚህ ጓዳ የሚገባ ሰው በሱቁ መሃል ማለፍ አለበት። ባልና ሚስት ሳለን ይህ አሳስቦን አያውቅም።

ፍቺውን ቃዲው ዘንድ ጨረስን፤ ቤቱን ለሽማግሌ ተውነው። እንጨቱን እኔ አመጣሁ፣ ጭቃውን እሷ አቦካች፣ ቆርቆሮውን በጋራ ገዛን፤ ስለዚህ እኩል ነው። በእኛ አገር ደንቡ አንዱ ንብረቱን ለሁለት ይከፍላል፣ ሌላው ይመርጣል ነው። የሽማግሌዎቹ አውራ፣ ሸሁ፣ "ነጋዴው አንተ ነህ፤ ሚዛን ታውቃለህ፤ ክፈል" አሉኝ። ደስታዬን ለመደበቅ መሬት መሬት አየሁ።

የፈለግሁት ሱቁን ነው። የጭነት መኪናው፣ ትሬንታ ኳትሮ፣ ሲቆም ሾፌሩ የሚወርደው እዚያ በር ላይ ነው! ሱቅ ከሌለኝ ከባቲ የማመጣውን ጨው ይዤ በየሰፈሩ ልዞር ነው። እናም ወጥመዴን ዘረጋሁ። ጓዳውን አሰባሁት፤ አልጋውን፣ ወፍጮውን፣ ጎተራውን፣ ምንጣፉን ሁሉ ወደዚያ መደብኩ። ለሱቁ የተውኩለት መደርደሪያ፣ ሚዛንና የሚያፈስ ጣራ ብቻ። ሴት ወፍጮዋን ትታ የት ትሄዳለች? አልኩ በሆዴ። ደግሞም በእኔ ሱቅ መመላለሱ ሲሰለቻት ወንድሟ ዘንድ ትገባለች፤ ጓዳውም ያው የእኔው ይሆናል።

ሸሁ ክፍፍሌን እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ፣ "የጓዳው ባለቤት በየት ገብቶ በየት ይወጣል?" አሉ።

"እሱን የጓዳው ባለቤት ይጨነቅበት፣ አባባ" አልኩ፤ ገበያ ላይ እንደማወራው ፈጠን ብዬ።

"ሁላችሁም ሰማችሁ?" አሉ። ሁሉም ሰምቷል። ወደ እሷ ዞሩ። "ልጄ፣ ምረጪ።"

"ሱቁን" አለች፣ እስትንፋስ እንኳ ሳትወስድ።

"ወፍጮውስ?" አመለጠኝ።

"አንተ ፍጭበት።"

ሽማግሌዎቹ ሳቃቸውን በኩታቸው አፈኑ። አንዱማ አላፈነም።

የረሳሁት ነገር ነበር። እኔ ባቲና ሰንበቴ ስዞር ሱቁ ውስጥ ሲሸጥ የኖረው ማን ነው? ሸማቹ ሁሉ "የእሷ ሱቅ" ነው የሚለው፤ እኔን የሚያውቀኝ ጨው አራጋፊ አድርጎ ነው። ይህን አገሩ ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ያላወቅሁት እኔ ብቻ።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ለመውጣት ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ፤ "አሰላሙ አለይኩም" እላለሁ፤ ሸማቾቹ ቅርጫታቸውን ሰብስበው መንገድ ይለቁልኛል። እሷ ከሚዛኗ ቀና ሳትል "ኮቱ፣ ዳርቢ" ትላለች በኦሮምኛ፤ ና፣ እለፍ። ለእንግዳ እንደሚባለው። አንዲት ቅቤ ሻጭ፣ "እቴ፣ ተከራይ አስገባሽ እንዴ?" ብትላት፣ "ኧረ የጓዳው ባለቤት ነው" አለቻት። ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

ጉዱ የፈላው ከባቲ ስመለስ ነው። ያን ሁሉ ጨው በሸማቾቹ ጉልበት መሃል ማሳለፍ አልሆንልህ አለኝ። እያፈርኩ ሸሁ ዘንድ ሄጄ መተላለፊያ ይፈረድልኝ አልኩ።

"ቶሌ፣ እሺ" አሉ። "ግን እሱን የጓዳው ባለቤት ይጨነቅበት ያልከው አንተ አይደለህም? ተጨነቅበታ።"

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሱቅ ደርሷል። በማግስቱ በሩ ላይ እሷ የጠራችውን አናጢ አገኘሁ። ሱቁን በዳር በኩል በጣውላ ለይቶ፣ ከመንገዱ እስከ ጓዳዬ መግቢያ ሊያወጣልኝ ነው፤ ከእሷ ድርሻ፣ ከዚያችው ጠባብ ሱቅ ተቆርጦ። እኔ ልከለክላት ያሰብኩትን ማለት ነው። ጠጋ ብዬ የጣውላውን አንድ ጫፍ ያዝኩለት።

አናጢው በክንዱ ለክቶ ጣውላው ላይ ምልክት ሲያደርግ፣ እሷ ከሚዛኗ ቀና አለች።

"ሰፋ አድርገው እንጂ" አለችው፤ "ጭነት ይዞ ነው የሚገባው።"