እሾሁ እኔ ጋ ቀርቷል

ናም ታክሱ የወደብ ልጅ ሆኖ ዓሣ የሚፈራ ሰው ነው። እንዲህም ያለ ጉድ አለ! እናቱ ኮሪያ ውስጥ፣ ሞክፖ ወደብ ላይ ዓሣ አድርቃ እየሸጠች አሳደገችው። ልጅ ሳለ ግን አንድ እሾህ ጉሮሮው ላይ ተሰንቅሮበት ለጥቂት ተረፈ። ከዚያ ወዲህ ሳህን ላይ ዓሣ ባየ ቁጥር ምራቁ ይደርቃል። አባቱ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጎረቤት በተሰበሰበበት ሚስቱን "ይሄ ልጅ ወንድ ለመሆኑ እርግጠኛ ነሽ?" ይላት ነበር። ጎረቤት ይስቃል። ታክሱም አብሮ ይስቃል። ሰው ሳይስቅበት ቀድሞ መሳቅን የተማረው ያኔ ነው። ብልሃት መስሎት ነበር።

አድጎ ወደ ሴኡል ወጣ፤ ከከተማው አጠገብ ፓንግዮ፣ መስታወት በመስታወት የሆነው የቪዲዮ ጌም ሠሪዎች ሰፈር ውስጥ፣ ለጌም ታሪክ ጸሐፊ ሆኖ ተቀጠረ። መሥሪያ ቤት ውስጥ ክፉ የሚያወራበት የለም። ከሥራ በኋላ ተሰባስበው እራት ወጥተው ሥጋ ሲጠበስ መቆንጠጫውን የሚይዘው እሱ ነው፤ ለሌላው እየጠበሰ እሱ የተቃጠለውን ይበላል። "መቼ ነው የምታገባው?" ሲሉት "የምትፈልገኝ ጠፍታ እኮ ነው!" ብሎ ከሁሉም በላይ ይስቃል። ሳቁ ደግሞ ያስታውቃል፤ ኮሪደሩ ድረስ ይሰማል።

ቤት ውስጥ የሚጠብቀው ኢንሆ ነው። ጊ ኢንሆ ሰው ሠራሽ ጥርስ ይሠራል። ድምፁ ዝግ ያለ፣ ጣቶቹ የማይቸኩሉ ሰው። የተገናኙትም በታክሱ ጥርስ ሰበብ ነው። የፊት ጥርሱ ተሰብሮ ሐኪም ቤት ሲሄድ፣ ሐኪሙ ጥርስ ሠሪውን ቀለሙን እንዲያይ ጠራው። ኢንሆ ጎንበስ ብሎ ያንን አፍ ሲያይ፣ ሲያይ፣ ሲያይ ቆየ፤ በቃኝ ብሎ ቀና ሲል ታክሱ አፉን መዝጋት ረስቶ ነበር።

በኋላ ሶንግናም ዳገቱ ላይ ከወይዘሮ ኦክ ፎቅ ተከራዩ። ዕቃ ሲያስገቡ ወይዘሮ ኦክ ደረጃው ላይ ቆመው፣ ኢንሆን እያዩ፣ ታክሱን "ምንህ ነው ልጄ?" ብለው ጠየቁ። ሴትዮዋ እንዲሁ ለወሬ ነው የጠየቁት። ታክሱ ግን ተንደርድሮ፣ "የአክስቴ ልጅ ነው እማማ! ወንድሜ ማለት ነው!" አለ። ኢንሆ የሩዝ ማብሰያውን ታቅፎ ነበር፤ አንገቱን ደፍቶ ፈገግ አለ። ስንት ዓመት አብረው ሲኖሩ ያቺ "ወንድሜ" የምትል ቃል ከኢንሆ አፍ ወጥታ አታውቅም። ሰው ሲጠይቀው "አብረን ነን" ይላል፤ በቃ።

"ወንድሜ ብትል ምን አለበት?" ይለዋል ታክሱ፣ እየተበሳጨ። "አፍህ ላይ ቁስል አይወጣ!"

"አንተ በል። እኔ አልችልበትም።"

ማታ ማታ፣ ዓሣ ሲቀርብ፣ ኢንሆ በእነዚያ ጥርስ በለመዱ ጣቶቹ እሾሁን አንድ በአንድ ይነቅልና ሥጋውን ታክሱ ሩዝ ላይ ያኖራል። ሁልጊዜም የሚላት አንዲት ነገር አለችው፦ "ብላ፣ እሾሁ እኔ ጋ ቀርቷል።" የወደቡ ልጅ ዓሣ መብላት የቻለው በሰው እጅ ነው ማለት ነው።

ታዲያ ታክሱ ይህን ሁሉ ወስዶ ጌሙ ውስጥ አላስገባውም መሰላችሁ? በአንዲት ደሴት ላይ የሚኖሩ ሁለት ጎልማሶች ፈጠረ፤ አንዱ የመብራት ማማ ጠባቂ፣ አንዱ ጀልባ ቀዛፊ። ተጫዋቹ ዓሣ ይዞላቸው ቤታቸው ከገባ፣ ቀዛፊው እሾሁን ለቅሞ ሥጋውን ለጠባቂው ያኖርና "ብላ፣ እሾሁ እኔ ጋ ቀርቷል" ይላል። ጠባቂው እጁን ይይዘዋል። ሌላ የለም። ፍቅረኛሞች መሆናቸውን ግን ዓይን ያለው ሁሉ ያያል።

ኢንሆ መጀመሪያ ሲያየው ማጫወቻውን እንደያዘ አለቀሰ። "እኛን እኮ ነው ያስገባኸን!" አለ። "አንተ ፈሪው! አንተ!" እያለ በትራስ መታው። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ ከሥራ ሲገባ፣ ጫማውን ሳያወልቅ ሊባል ይቻላል፣ ዓሣ ይዞላቸው ይሄዳል። ሕዝቡም ወደዳቸው። ወዲያው ደግሞ የማይወዱት ተነሡ፦ "ሁለት ወንዶች ምን እያደረጉ ነው? ጌማችንን አታቆሽሹ!" የስድብ መዓት ወረደ።

ስብሰባ ተጠራ። የክፍሉ ኃላፊ ወይዘሮ ማ ሶንሂ አንድ አቃፊ ፊታቸው አስቀምጠው ተቀመጡ። ገና ሳይጀምሩ፣ የሽያጩ ጆ ሱንግቹል ነገሩን ወደ ቀልድ አዞረው።

"እኔ የምለው፣ እነዚህን ሁለት ጎልማሶች ምን ነካቸው? ደሴቱ ላይ ሴት ጠፋ እንዴ?" ቤቱ ሳቀ። "ጸሐፊያችን፣ አንተ ነህ የምታውቀው!"

አንተ ነህ የምታውቀው። ጆ በዚህች ቃል ምንም አላሰበባትም፤ ጆ ከእራቱ አልፎ አስቦ አያውቅም። ታክሱ ግን ሌላ ነገር ሰማባት። የሁሉም ዓይን እሱ ላይ ያረፈ መሰለው፤ የአባቱ ጎረቤቶች ተመልሰው የመጡ መሰለው። እናም ቀድሞ ሳቀ።

"ኧረ እኔ ምኑን አውቃለሁ! ወንድማማች እናድርጋቸዋ! የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ እኔው ራሴ እጨርሰዋለሁ።"

ማን ጠየቀው? ማንም! ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት ይሄ ነው። ወይዘሮ ማ ትክ ብለው አዩት፤ አቃፊውን ሳይከፍቱት "ጸሐፊው ካለ እንግዲህ..." አሉና ተነሡ። ታክሱ በዚያው ቀን ተቀምጦ እጅ መያያዙን አወጣ። ቀዛፊው ከእንግዲህ "ብላ ወንድሜ" እንዲል አደረገ። ሲጨርስ መጸዳጃ ቤት ገብቶ ፊቱን ታጠበ፤ መስታወቱን ግን አላየም።

አፕዴቱ፣ የተለወጠው ጌም፣ የወጣ ዕለት ኢንሆ እንደልማዱ ዓሣ ይዞላቸው ገባ። ታክሱ ኩሽና ውስጥ ሽንኩርት እየከተፈ ጆሮውን አቁሞ ይጠብቅ ነበር። ከሳሎን የቀዛፊው ድምፅ ተሰማ፦ "ብላ ወንድሜ።" ኢንሆ ማጫወቻውን አስቀምጦ መጣና በሩ ላይ ቆመ።

"አስገደዱህ አይደል?"

ታክሱ ቢላዋውን እያየ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። እውነቱን መናገሪያው ያቺ ሰዓት ነበረች። አልፋ ሄደች።

"አይ እነዚህ ከይሲዎች!" አለ ኢንሆ። መጥቶ ከጀርባው አቀፈው። "የኔ ምስኪን። የራስህን እጅ አስቆረጡህ እኮ።" የሰው እቅፍ እንዲህ ይከብዳል? ታክሱ ሽንኩርቱን አሳቦ አለቀሰ፤ ኢንሆም የግፍ ለቅሶ መስሎት ይበልጥ አጽናናው። በደለኛን እንደ ማጽናኛ ቃል የሚያመው ነገር የለም፤ ሲሰድቡትስ ቢያንስ ይቀለዋል።

የዚያ አገር ተጫዋች ሲከፋው ድንጋይ አይወረውርም። ገንዘብ ያዋጣና ጎኑ ሙሉ ስክሪን የሆነ የጭነት መኪና ተከራይቶ መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ያቆማል፤ ቀኑን ሙሉ መኪናው ይናገርለታል። ጉድ ፈላ ተባለና ታክሱም ከሌላው ጋር ወደ መስኮቱ ሄደ። ስክሪኑ ላይ "ወንድማማቾች አይደሉም!" የሚል መጣ። ጠፋና "እሾሁ እኔ ጋ ቀርቷል" አለ። ያም ጠፋ። ቀጥሎ በትልልቁ፦ "ለጸሐፊያችን፦ አስገድደውህ እንደሆነ እናውቃለን። አይዞህ፣ ከጎንህ ነን!"

ከመኪናው አጠገብ ደግሞ ቡና የሚያድል ሌላ መኪና ቆሟል፤ ለጸሐፊው ክብር ለሠራተኛው ሁሉ በነጻ። ጆ ሁለት ኩባያ ይዞ እየሳቀ መጣ።

"እንካ፣ ሰማዕታችን! የደምህ ዋጋ ነው፣ ሳይቀዘቅዝ ጠጣው።"

ታክሱ ተቀበለው። አንድ ጊዜ ጎንጨት ብሎ ወደ ታች ተመለከተ። ታች፣ በኅዳሩ ብርድ ውስጥ፣ ወጣቶቹ መሐል አንድ ባርኔጣና የአፍ ጭምብል ያደረገ ሰው ኩባያ ያድላል። ከትከሻው አወቀው። ኢንሆ ነው! በአውቶቡስ ውስጥ "ወራጅ አለ" ለማለት የሚያፍረው ኢንሆ፣ ከሰው ፊት ቆሞ፣ "ጸሐፊውን ነጻ ልቀቁት!" እያለ ይጮሃል።

ታክሱ ኩባያውን እንደያዘ ወይዘሮ ማ ቢሮ ገባ።

"ወይዘሮ ማ፣ መመለስ ይቻላል? እንደ ድሮው ማድረግ?"

"አሁን ነው የምትጠይቀኝ?" አሉ። ያንኑ አቃፊ ከመሳቢያ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ጣሉት። "የዚያን ቀን እንዳይነኩ ልከራከር ተዘጋጅቼ ነበር የገባሁት። አለቆቹንም አሳምኜ ጨርሼ ነበር። አባትየው ራሱ እየሳቀ ሲያርዳቸው እኔ ምን ልበል? እንጀራ እናታቸው ልሁን?"

"እኔ... እርስዎ የሚያዙኝ መስሎኝ..."

"ማን አዘዘህ?"

ወይዘሮ ማ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ሰኞ ስብሰባ አለ። ተነሥተህ 'ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ይመለሱ' በል፤ ከጎንህ ነኝ። ለምን ለወጥካቸው ብለው ቢጠይቁህ የምትመልሰውን ግን አንተ ታውቃለህ።"

ቤት ሲደርስ ኢንሆ ቀድሞት ገብቷል። ድምፁ ተዘግቷል፣ ጉንጩ በብርድ ቀልቷል፣ ደስታው ግን ሌላ ነው። ዓሣ ጠብሶ ጠረጴዛው ላይ አቅርቧል።

"አየኸኝ? ከላይ አየኸኝ? ጮህኩ እኮ! እኔ! አንዲት ልጅ 'አጎቴ፣ ጉሮሮ ነው ያለህ' አለችኝ።" ቾፕስቲኩን አንሥቶ ዓሣው ላይ አጎነበሰ። "ይመልሷቸዋል፣ ታያለህ። አንተን ማስገደድ ይቅርና—"

"ኢንሆዬ፣ ተው። አትልቀምልኝ።"

"ምነው?"

"ማንም አላስገደደኝም።"

ኢንሆ ቀና አለ።

"እኔ ነኝ ያልኩት። ጆ አንዲት ቀልድ ቀለደ። አወቁብኝ ብዬ ፈራሁ። ወንድማማች እናድርጋቸው ያልኩት እኔ ነኝ፤ ማንም ሳይጠይቀኝ። ወይዘሮ ማ እንዲያውም ሊከላከሉላቸው ነበር የገቡት። አንተ ስትጠይቀኝም ዋሸሁህ። አቅፈኸኝ እያለ ዋሸሁህ።"

ኢንሆ ቾፕስቲኩን አስቀመጠ። አልጮኸም፤ ጩኸቱን ሁሉ ለታክሱ ሲል ቀን ጨርሶታል።

"እየሳቅህ ነው ያልከው?" አለ።

ታክሱ ሊዋሽ አሰበ። "አዎ" አለ።

"ለእማማ ኦክ ወንድምህ ነኝ። ለእናትህ ደባልህ ነኝ። ትርፍ አንጀቴን የታመምኩ ጊዜ፣ እዚያ አልጋ ላይ ስቃትት፣ ነርሷን 'ወንድሙ ነኝ' ስትላት እሰማህ ነበር። ቅር ብሎኝ አያውቅም። ፈሪ ነው፣ ፈሪነቱንም እወድለታለሁ እል ነበር። አንድ ቦታ ብቻ፣ ታክሱዬ። በዚህ ዓለም ላይ አንዲት የውሸት ደሴት ላይ ብቻ ነበር እኔና አንተ እኔና አንተ የሆንነው። ሰው ሁሉ አይቶን፣ ወዶን። ከዚያም አባረርከኝ?"

"ሰኞ ተነሥቼ እናገራለሁ። በሁሉም ፊት። ማን እንደሆንኩ፣ ማን እንደሆንክ። አፈር ስሆን፣ እመልሳቸዋለሁ።"

"ተናገር" አለ ኢንሆ። "ለእነሱ ተናገር።"

ዓሣው መሐላቸው ቀዘቀዘ። ታክሱ እጁን ዘርግቶ የኢንሆን እጅ ሊይዝ ፈለገ፤ ኢንሆ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ስለነበር አልደረሰበትም።

በሩ ተንኳኳ። ሰሞኑ ለብርዱ ወራት ኪምቺ፣ በበርበሬ የሚቦካው ጎመን፣ የሚዘጋጅበት ነው፤ ወይዘሮ ኦክ በየዓመቱ እንደሚያደርጉት አንድ ሳህን ሙሉ ይዘው መጥተው ኖሯል። ደረጃው አድክሟቸው ከበሩ ውጭ ሆነው ያለከልካሉ።

"ኢንሆ! ልጄ! አዲሱን ኪምቺ አመጣሁላችሁ! ወንድምህ ገብቷል?"

ታክሱ ብድግ አለ። እንደዚያን ቀን በሕይወቱ ተጣድፎ አያውቅም። ወንድሙ አይደለሁም እማማ፣ ሊል ነው፤ ቃሉ አፉ ውስጥ ደርሷል፤ ስንት ዓመት የፈራው ነገር አሁን እንደ ውኃ ቀሎታል። ኢንሆ ግን በሩ አጠገብ ነበርና ቀደመው። በሩን ከፈተ፣ ጎንበስ ብሎ ሳህኑን በሁለት እጁ ተቀበለ።

"አዎ እማማ" አለ። "ወንድሜ ገብቷል።"

ሲለውም አልተደናቀፈም።