የማዶው ጥሪ

ከአጎቴ ቀብር ወዲህ ሲመሽ መቀመጥ አቅቶኛል።

አጎቴ ከካቺሲ ወዲያ፣ ቤትና ቤት በሸለቆ በሚለያይበት የግጦሽ አገር ከብት ሲያረቡ ኖሩ። ከብቶቹ ከገቡ በኋላ ደጅ ወጥተው የማዶውን ሽማግሌ ጎረቤታቸውን ይጠራሉ። ሽማግሌው «ጅራ፣ አለሁ!» ካላሉ አጎቴ ዱላቸውን አንስተው ሊያዩዋቸው ይወርዳሉ። እኛ ዘንድ አምቦ ሲመጡ እንኳ ማታ ማታ ይቁነጠነጡ ነበር። «ጋሼ፣ አረፍ ይበሉ እንጂ» ስላቸው፣ «ያን ሽማግሌ ዛሬ ማን ጠራው?» ይሉኛል።

በቀብሩ ማግስት አጎቴ ደጅ ላይ ነበርኩ። ጀንበር ስትጠልቅ ከማዶ ጥሪ መጣ፤ ሽማግሌው ትናንት የቀበሩትን ሰው በስሙ ይጠራሉ። «አለሁ» ልበል? ተነሳሁ፣ ተቀመጥኩ፤ አላስችል ሲለኝ የአጎቴን ዱላ ይዤ ቁልቁል ወረድኩ።

ሽማግሌውን ሸለቆው ውስጥ አገኘኋቸው። መልስ ስላጡ እየመጡ ነበር።