አባዬ፣ ካርታ ነው

ባለፈው ወር አባዬን ዓይን ሐኪም ዘንድ ወስጄው ነበር። ከአዲሱ ገበያ ታክሲ ይዘን ስንወርድ መንገዱን ሙሉ ሲነጫነጭ ሄደ። እሱ ምንም አልሆነም፤ የደከመው የቤቱ አምፖል ነው። አምፖሉን ስንት ጊዜ እንዳስቀየረን እኔ ነኝ የማውቀው።

ተራችን እስኪደርስ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ከፊታችን አንድ ሰውዬ እየተመረመረ ነበር። ግድግዳው ላይ አንዲት የፈረንጅ ፊደል በየአቅጣጫው ተገለባብጣ ተጽፋለች፤ ነርሷ በዱላ ስትጠቁም፣ የሚመረመረው ሰው ፊደሏ ወዴት እንደዞረች ይናገራል። ሰውዬው "ወደ ላይ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ታች" ይላል፤ አባዬ አንገቱን ደፍቶ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። የሚጸልይ መስሎኝ ዝም አልኩት። የእሱ ተራ ሲደርስ ኮቱን ቆልፎ ቀጥ ብሎ ቆመና "ወደ ላይ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ታች፣ ወደ ታች፣ ወደ ግራ" ብሎ አንበለበለው። ነርሷ ገና ዱላዋን አላነሳችም ነበር።

ጠጋ ብዬ በጆሮው "አባዬ፣ ካርታ ነው" አልኩት። ሰማንያን ያለፈ ሽማግሌ ሆዱን ይዞ ተንከተከተ። እኔም አላስቻለኝም፤ ስስቅ እንባዬ መጣ። ነርሷ አንዴ እሱን አንዴ እኔን ታያለች። ልጅቷ ሥራ ላይ ናት፣ ምን ብዬ ላስረዳት? ለእናንተ ግን ጊዜ ካላችሁ ላውጋችሁ።

ያኔ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። ቤታችን ጉለሌ፣ ወደ እንጦጦ ከሚያወጣው ዳገት ጥግ ነው። ክረምት ላይ ጭቃው ጫማ ይቀማል፤ መስከረም ሲጠባ ደግሞ የባሕር ዛፉ ሽታ ከላይ ወርዶ ግቢያችን ይገባል። አባዬ አዲሱ ገበያ ልብስ ሰፊ ነበር። ሱሪ ያሳጥራል፣ ዩኒፎርም ይሰፋል፣ ሲቀናው ሙሉ ልብስም ይታዘዛል። ከትምህርት ቤት ስመለስ ሱቁ ገብቼ መርፌዎቹ ላይ ሁሉ ክር አስገባለታለሁ። "ማርቲዬ፣ እጄ ሻክሮ ክሩ እምቢ አለኝ" ይላል ሁልጊዜ። እኔ ደግሞ መርፌ ላይ ማን ብሎኝ! አፍንጫዬ ሥር ያለ ነገር ምንም አያመልጠኝም። ከክንዴ የራቀው ዓለም ግን በሙሉ የሐምሌ ጭጋግ ነበር።

አመሻሽ ላይ አውቶቡስ ስንጠብቅ ቁጥሩን ከሩቅ የሚያነብልኝ እሱ ነው። "ተነሺ፣ የኛ መጣ" ይለኛል፣ እኔ ገና አውቶቡስ ይሁን የጭነት መኪና አልለየሁም። ቤት ስንገባ ደግሞ ጋዜጣውን የማነብለት እኔ ነኝ፤ እሱ "ደክሞኛል" ይላል። መጽሐፍ ቅዱሱን ግን ለማንም አይሰጥም። ከራት በኋላ ራሱ ከፍቶ፣ በሚያምር ድምፁ ራሱ ያነብልናል። የሚያነብልን ሁልጊዜ እነዚያኑ ጥቂት ታሪኮች ነው፤ በጣም ቢወዳቸው ነው እንላለን። ሁለታችን ስንደመር አንድ ደህና አድርጎ የሚያይ ሰው ይወጣን ነበር። ይህን ግን ማንም ልብ አላለም፣ እኛም ራሳችን።

ትምህርት በተከፈተ ሰሞን የሒሳብ አስተማሪያችን አባዬን አስጠራው። እኔ ድሮ ጎበዝ ነበርኩ። ቀስ በቀስ ሰሌዳው ሲርቀኝ ጊዜ ግን ከጎኔ ካለችው ልጅ ደብተር መገልበጥ ጀመርኩ፤ እሷ ደግሞ ምስኪን፣ ራሷ ተሳስታ ነው የምትጽፈው። አስተማሪው ፊት ለፊት ነገረው፤ ልጅቷ ከሩቅ አታይም፣ መነጽር ካልተገዛላት ሚኒስትሪን አታልፍም። ሚኒስትሪ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ነው፤ ያን ጊዜ እሱን መውደቅ በሰፈራችን ለሴት ልጅ ትምህርት በቃ ማለት ነበር። ወድቀው ቤት የቀሩ ጎረቤቶች ነበሩን። የኔም ነገር መርፌ ላይ ክር ማስገባት ሆኖ ሊቀር ነው ብዬ ፈራሁ። በጣም ፈራሁ።

አባዬ አስተማሪውን እጅ ነሥቶ አመሰገነና ይዞኝ ሄደ። የሄድነው ግን መነጽር ቤት ሳይሆን ቸርች ነው።

እንዳትፈርዱበት። እኔ ከመወለዴ በፊት አባዬ ደረቱን ታሞ፣ ሐኪሞቹ ተስፋ ቆርጠው ቤቱ ውሰዱት ብለው ነበር። ያን ጊዜ፣ በደርግ ዘመን፣ ተሰብስቦ መጸለይ ራሱ ያሳስራል። ወንድሞች መጋረጃ ጋርደው በሹክሹክታ ጸለዩለት፣ ተነሣ። እስቲ ይህን ሰው ሄዳችሁ ተከራከሩት! እኔማ ምን አፍ አለኝ? እሱ ባይነሣ እኔም የለሁም። ሐኪም አያስፈልግም ብሎ አያውቅም፤ የሱ ነገር አንዴ ከጸለይን በኋላ መነጽር ከገዛን ጌታን አላመንንህም ማለታችን ነው የሚል ነው። እማዬም አማኝ ናት፣ ግን ሌላ ዓይነት። ሽንኩርቷን እየከተፈች፣ ቀና ሳትል፣ "ጸሎቱም ይቀጥል፣ መነጽሩም ይገዛ። ጌታ መነጽር ይጠላል ያለህ ማን ነው?" አለችው።

የጸለየልኝ እንግዳ ሰባኪ ነበር። እጁን ዓይኖቼ ላይ ጫነ፤ ከባድ፣ ሞቃት፣ ከረሜላ ከረሜላ የሚሸት እጅ። ከልቤ ነው ያመንኩት። ዛሬም ሳስበው ያ ሙቀት ውሸት አልነበረም። ዓይኔን ስገልጥ ግን ሰባኪው አሁንም አፍንጫ የለውም። ወደ ቤት ስንመለስ አባዬ ከመንገድ ዳር በቆሎ ጥብስ ገዛልኝና እየጋጥኩ ጠየቅሁት።

"አባዬ፣ ፈውስ ወዲያው ነው ወይስ ቀስ እያለ ነው የሚመጣው?"

"ተቀብለሻል፣ ማርቲዬ። በእምነት ተቀብለሻል፣ በቃ።"

በቆሎዬን እንደያዝኩ ወደ እንጦጦ ዞሬ አየሁ። እንጦጦ ገና አልመጣም። በቆሎው ግን ይጣፍጥ ነበር።

ከዚያ በኋላ አባዬ እንዴት ነሽ ባለኝ ቁጥር "ትንሽ ትንሽ" እላለሁ። ፊቱ እንዲያ እየበራ አይሆንም ማለት ከየት ይመጣል? እሱ ግን ያቺን ትንሽ ትንሽ ሰብስቦ፣ አንድ እሁድ ምስክርነት አለኝ ብሎ ተነሣ።

አዳራሻችን ቆርቆሮ ነው፤ ጠዋት ያንዘፈዝፋል፣ ስብከቱ ሲጋጋል ጣሪያውም አብሮ ይግላል። ከመድረኩ ጀርባ፣ አባዬ ራሱ የሰፋው ነጭ ጨርቅ ተሰቅሏል፤ በቀይ ፊደል "ኢየሱስ ያድናል፣ ይፈውሳል፣ ዳግም ይመጣል" ይላል። ራሴን ካወቅሁ ጀምሮ እዚያው ነው። አባዬ ማይኩን ይዞ ስለ ዓይኔ ተናገረ፣ ሕዝቡ አጨበጨበ። ጭብጨባው ሞቅ ሲያደርገው ጊዜ ያልታሰበ ነገር አመጣ። ልጄ እዚያው ከበሩ ትቁምና ጨርቁ ላይ ያለውን ታንብብላችሁ አለ።

እኔ ምን ቸገረኝ! ከበሩ ሥር ቆሜ፣ ደረቴን ነፍቼ፣ "ኢየሱስ ያድናል፣ ይፈውሳል፣ ዳግም ይመጣል" አልኩ። ከፊት የተቀመጡ አንዲት እናት "አሜን" አሉ። ከዚያ ከወንበሮቹ መሀል የታፈነ ሳቅ ተሰማ። ለካ መዘምራኑ፣ ከሌላ አጥቢያ እንግዶች ይመጣሉ ብለው የዚያን ዕለት ጠዋት ጨርቁን ቀይረውታል። የተጻፈው "እንኳን ደህና መጣችሁ" ነበር። ልብ በሉ፣ እኔ ያልኩት በሙሉ እውነት ነው፤ ማንም ተነሥቶ ዋሸሽ ሊለኝ አይችልም። ብቻ እዚያ አልተጻፈም።

አባዬ ደንገጥ ብሎ ወደ መድረኩ ጠራኝና በክንዱ አቀፈኝ። እምነታችንን ሊያጸናው ነው መሰለኝ፣ ዓይነ ስውሩ የተፈወሰበትን ታሪክ ላንብብላችሁ ብሎ መጽሐፍ ቅዱሱን ከፈተ። ክንዱን ዘርግቶ፣ መጽሐፉን አርቆ ይዞ፣ በዚያ በሚያምር ድምፁ ጀመረ። ጣቱን እየነዳ ያነባል። እኔ ብብቱ ሥር ነኝ፣ መጽሐፉ ከፊቴ ነው። ቅርብ ያለ ነገር እንደማያመልጠኝ ነግሬያችኋለሁ። የተከፈተው የመጨረሻው ገጽ ነበር፤ ሰማያዊ ባሕር፣ ቡናማ ተራራ፣ ጥቃቅን የከተማ ስሞች።

በሹክሹክታ "አባዬ፣ ካርታ ነው" አልኩት።

ማይኩ አፋችን ሥር መሆኑን ረስቼዋለሁ። ጉድ ፈላ! አዳራሹ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። እማዬ ሻሿን አፏ ላይ ጭና ትንቀጠቀጣለች። አባዬ ግን አልሳቀም። መጽሐፉን ቀስ ብሎ ከደነና ወደኔ ጎንበስ አለ።

"አንቺ፣ ጨርቁ አይታይሽም?"

"አይታየኝም፣ አባዬ። ላንተስ ፊደሉ?"

"ፊደሉማ ከጠፋኝ ቆየ" አለ።

መርፌው፣ ጋዜጣው፣ በየማታው የሚደጋገሙት ታሪኮች፣ ሁሉም ያኔ ገባኝ። በቃሉ ነበር ለካ የሚያነብልን። እሱም ከተጸለየልኝ በኋላ እንኳ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ለምን እጁን ይዤ እንደምቆም ያኔ የገባው ይመስለኛል። ተያየን፤ እኔ ከቅርብ ስለሆነ ፊቱን በደንብ አየሁት። አሳዘነኝ፣ ወደድኩትም።

መጋቢያችን ከወንበራቸው ተነሥተው መጡ። መነጽራቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ዘረጉለት። "ወንድም ደምሴ፣ እኔ ይቺን ጠዋት ጠዋት ጌታን አመስግኜ ነው የማደርጋት። እስቲ አመስግነው ይሞክሯት" አሉት።

አባዬ መነጽሩን ተቀብሎ ያገላብጠው ጀመር። ሳቁ ቆመ። እኔ እንደዚያች ሰዓት አምርሬ ጸልዬ አላውቅም። ካደረገው የኔም ይገዛል፤ ከመለሰው ትምህርቴ አለቀለት። አጎንብሶ የሆነ ነገር አጉተመተመና አደረገው። ከዚያ መጽሐፉን እንደገና ሲከፍት ያው ካርታው ወጣ።

"ዮር... ዮርዳኖስ" አለ። ጣቱን ወደ ላይ ገፋ አድርጎ "ገሊላ" አለ። "ኢያሪኮ" ሲል ሕዝቡ "አሜን" አለ። ከዚያ ማን ያቁመው! ከተማ በከተማ፣ ወንዝ በወንዝ፣ እያለቀሰና እየሳቀ ያነባል፣ ሕዝቡ አሜን ይላል። ደማስቆ ሲደርስ መጋቢው፣ ወንድም ደምሴ ለኔም ስብከት ሰዓት ይተዉልኝ እንጂ ብለው መነጽራቸውን ተረከቡት።

መነጽሮቻችን የደረሱ ዕለት ከፒያሳ ስንመለስ፣ አዲሱ ገበያ ወርጄ ቀና አልኩ። እንጦጦ መጥቷል! ዛፉ አንድ በአንድ ቆሟል። ለካ ዛፍ ከሩቅም ቅጠል አለው! ያየሁትን ሁሉ ጮክ ብዬ አነበብኩ፤ ሥጋ ቤት፣ ጎሚስታ፣ ፀጉር ቤት። አባዬ ሱቁ ገብቶ የተሰቀለ ሱሪ አንሥቶ አገላበጠና ይሄን ማን ነው የሰፋው አለ። ራሱ ነው የሰፋው። "ጠማማ ስሰፋ ኖሬያለሁና ሰዉ አፍሮ ነው ዝም ያለኝ" ብሎ ያን ቀን ሙሉ ስፌቱን ሲፈታ ዋለ።

በቀጣዩ እሁድ መነጽሩን አድርጎ መድረክ ላይ ወጣና ተፈውሰናል አለ። ማንም አልሳቀም። እሱ እስከ ዛሬ ጸሎቱ አልተመለሰም ሲባል አይወድም፤ በአፍንጫችን በኩል ተመለሰ ነው የሚለው። እማዬ ምሳ ፓስታ ሠርታ ነበር፤ እያንዳንዷን ፓስታ እያየሁ በላሁ። ሚኒስትሪንም አለፍኩ። ዓመቱን ሙሉ ጠዋት ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት፣ አባዬ የሱንም የኔንም መነጽር በኮት ፎደራ ቁራጭ ይወለውል ነበር።

ወደ ሐኪሙ ልመልሳችሁ። ዓይኑ ላይ ሞራ አለ፣ በቀዶ ሕክምና ይወጣል አለን፤ ሐኪሙ ለጋ ወጣት ነው። አባዬ ሳቁ ጠፋ። "የተቀደደ ዓይን ማን ይሰፋዋል?" አለ፣ ሰፊ አይደል። ሐኪሙ ወደኔ ዞሮ እርስዎስ ምን ይላሉ አለኝ። እንዴት ያለ ነገር ነው! ያኔ እሱ ስለኔ ዓይን ይወስን ነበር፣ አሁን ስለሱ የምጠየቀው እኔ ሆንኩ። አልተከራከርኩትም። መነጽሬን አውልቄ እጁ ላይ አኖርኩለት። "አመስግነህ ሞክራት" አልኩት።

በጣቱ ሲዳብሳት ቆየና ፈገግ አለ። ሐኪሙን እጅህን ስጠኝ ብሎ በሁለት እጁ ያዘና ጸለየለት። ረጅም ጸሎት ነበር። ልጁ ሃይማኖቱ ምን እንደሆነ አላውቅም፤ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። አባዬ አሜን ብሎ ሲያበቃ "በል አሁን ቅደድ" አለው።

ሰዎች ያዳናችሁ እምነት ነው ወይስ ሐኪም ይሉኛል። እኔ የማውቀው፣ ያን ዕለት አባትና ልጅ ተያይተን አይታየኝም እስክንባባል ድረስ ጸሎቱም መነጽሩም እኛ ዘንድ መግቢያ እንዳጡ ነው።

ፋሻው የተፈታ ጠዋት ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ነበር። ዓይኑን ጨፈን ገለጥ አደረገና ትክ ብሎ አየኝ። ስንት ዓመት ፊቴን በደንብ አላየም፤ ምን ይለኝ ይሆን ብዬ ጠበቅሁ።

"ማርቲዬ፣ በዚህ ሁሉ አቧራ ነው የምታይው?" አለኝ። መነጽሬን ከአፍንጫዬ ላይ አወለቀ፣ ከኪሱ የፎደራ ቁራጭ አወጣ፣ እፍ እያለ ወለወለና መልሶ አደረገልኝ።