የልጃቸው እጅ ሥራ

ባለፈው ረቡዕ ከሥራ ስወጣ ዝናቡ አላስኬድ ቢለኝ፣ ሼፈርድስ ቡሽ ሰፈር ካለ አንድ ሱሺ፣ ማለትም የጃፓን የሩዝ ጥቅል፣ የሚሸጥ ቤት ገባሁ። ሳህኖቹ እንደ አየር ማረፊያ ሻንጣ እየተሽከረከሩ በፊታችሁ ያልፋሉ፤ ያማራችሁን ማንሳት ነው። አጠገቤ ሻሽ ያሰሩ ሀበሻ እናት ተቀምጠዋል።

“ልጄ፣ የጾሙ የትኛው ነው?” አሉኝ።

ኪያር በሩዝ የተጠቀለለበትን አነሳሁላቸው። አንዷን እንደጎረሱ እንባቸው ጠብ አለ።

“እማማ፣ ምነው? አመመዎት?”

“ይሄን የሠራው ልጄ ነው። እዚሁ ጓዳ ነው ያለው። ከተኮራረፍን ሦስት ዓመታችን ነው፤ ስልኬን አያነሳም። እየመጣሁ የእጁን በልቼ እሄዳለሁ።”

“ልጥራልዎት?”

“ተይ! ካየኝ ሥራውን ጥሎ ይሄዳል።”

አንጀቴ አልቻለም። መጸዳጃ ቤት የምሄድ መስዬ ተነሳሁና አስተናጋጇን ስለ ልጃቸው በሹክሹክታ ጠየቅኋት።

“ኢትዮጵያዊው? እሱማ ከለቀቀ ዓመት አለፈው። የት እንደገባ አናውቅም” አለችኝ።

ተመልሼ ተቀመጥኩ። እማማ ሌላ ሳህን አንስተው ወደ እኔ እያስጠጉ፣ “ቅመሺለት እስኪ፤ እጁ አይጣፍጥም?” አሉኝ።

“ይጣፍጣል” አልኳቸው።