በረኛ የማይምረው ጋዜጠኛ

ተመልካቹ «ምላጭ» ብሎ የሰየመው የስፖርት ጋዜጠኛ በወጣትነቱ ኳስ ተጫዋች ነበር፤ ተጫዋች ከተባለ ማለቴ ነው። የተጠባባቂ ወንበር ሲያሞቅ ከርሞ፣ አሰልጣኙ «አንተ እንኳ ከእግርህ ምላስህ ይሻላል» ብሎ አሰናበተው። እውነቱን ነው። ያው ምላስ ቴሌቪዥን ጣቢያ አስገባው። መጀመሪያ ውጤት አንባቢ፣ ቀጥሎ ሜዳ ዳር ማይክ ደቅኖ ትንፋሽ ያጠረውን ተጫዋች የሚያስጨንቅ ዘጋቢ፣ በኋላም የጨዋታ አስተላላፊ ሆነ።

ታዲያ ዝናን ያገኘው ጨዋታ በመተንተን እንዳይመስላችሁ። በረኛ በመስደብ ነው! በረኛ ሲሳሳት የእሱ ፊት ይበራል። «ይሄን እኮ አክስቴ ስልክ እያወራች ትይዘው ነበር!» ይላል፤ አገር ይስቃል። አንዱ በረኛ ደውሎ «ኧረ እናቴ እያለቀሰች ነው» ብሎ ቢለምነው፣ «ወንድሜ፣ እኔ ሥራዬን ነው የሠራሁት፤ አንተም ሥራህን ሥራ» አለው። የአንጀት ጥሩነት እንዲህ ነው እንግዲህ።

ከዚያ አንዲት ልጁ አደገችና በረኛ ሆነች። ቁመቱን ከእናቷ፣ እልሁን ከእሱ ወስዳለች። ምላጭ በደስታ ሰከረ፤ ጓንቷን ራሱ እያጠበ ፀሐይ ላይ ያሰጣ ጀመር። ትልቅ ክለብ ስትገባ ግን የቡድን ጓደኞቿ «በአባቷ ነው የገባችው» እያሉ ያሟት ነበር። ስለዚህ ጨዋታዋ በቴሌቪዥን በሚተላለፍበት ቀን ጠዋት፣ የጫማዋን ክር እያሰረች «አባዬ፣ አደራ፣ እንደማንኛዋም በረኛ ቁጠረኝ» አለችው።

«እንዴታ!» አለ። አለቃው «ሌላ ሰው ይተካህ?» ቢለውም «ምን በወጣኝ!» ብሎ ማይኩን ያዘ።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል አንዲት አቅም የሌላት ኳስ ከሩቅ እየተንከባለለች መጣች። ልጅቷ ጎንበስ አለች። ኳሷ በእግሮቿ መሃል ሾልካ መረቡ ውስጥ ገባች።

ምላጭ ጭጭ አለ። በጆሮ ማዳመጫው ፕሮዲውሰሩ «ኧረ ተናገር! ሞትክ እንዴ?» ይጮህበታል። በመጨረሻ ጉሮሮውን ጠረገና «ውድ ተመልካቾቻችን… ሜዳው ትንሽ አባጣ ጎርባጣ ነው… ንፋሱም ቢሆን…» አለ። ንፋስ! የማዕዘኑ ባንዲራ እንደ እርጥብ ፎጣ ተንጠልጥሎ! ይሄም አልበቃው ብሎ ተከላካዮቹን በየተራ ሞለጫቸው። «ቆመው ያያሉ እኮ! ልጅቷን ብቻዋን ጥለዋት!» ሲል አንጀቱ ቅቤ ጠጣ።

ቤት ሲገባ ሚስቱ በር ላይ «ምነው ያን ጊዜ ምላስህን በቆረጠው!» አለችው። ልጅቷ ሳሎን ተቀምጣለች፤ ዓይኗ አብጧል። እሱ ግን ውለታ እንደዋለ ሰው ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ አውጥቼሻለሁ» አላት።

«አባዬ፣ ብትሰድበኝ እኮ አንድ ቀን ተስቆብኝ ያልፍ ነበር። አንተ ጥፋቴን እነሱ ላይ አላከክኸው። ያልከውን በስልካቸው ሰምተው፣ አሁን መልበሻ ክፍል አጠገቤ የሚቀመጥ የለም።»

«ነገ በቀጥታ ስርጭት ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ!»

«በናትህ ተው! ሁለተኛ ስለ እኔ አታውራ!»

ብዙም ሳትቆይ ክለብ ቀየረች። አዲሱ ክለብ ሜዳው አቧራ፣ ደመወዙም የማይረባ ነው። እናቷ «ምን አየሽበት?» ብትላት «ካሜራ አይመጣም» አለቻት። አባትየው ይህን ከኮሪደሩ ሰማና አንገቱን ብቅ አድርጎ፣ እንደ እንግዳ እየፈራ «እኔስ… ልመጣ እችላለሁ?» አለ።

«አፍህን መዝጋት ከቻልክ ና» አለችው፣ ቦርሳዋን እየዘጋች።

ሚስቱ ሳቀች። እሱ አልሳቀም፤ መቻሉን እንጃ።